ከኋላ የተቀመጡት

በዚያ ዓመት ዝናቡ ቀረና የአሮጌው ድንጋይ ማውጫ ጉድጓድ ውሃ ጎደለ። አንድ ጠዋት ዓሣ ሊያጠምድ የወረደው ጡረተኛ መምህር መንጠቆው ከአንድ ነገር ጋር ተያዘበት፤ ጎትቶ ጎትቶ ሲያቅተው ጎንበስ ብሎ ቢያይ የመኪና ጣሪያ ነው። ክሬን መጥቶ ሲያወጣት ሁለት በር ያላት ትንሽ መኪና ሆና ተገኘች። ከኋላ ወንበሯ ላይ የሁለት ሰዎች አጽም ተጠጋግቶ ነበር።

ማንነታቸው ማንንም አላከራከረም፤ መኪናዋ የከተማው ሰዓት ጠጋኝ ናት። ከዓመታት በፊት፣ ሠርጋቸው ሲቃረብ፣ ድንገት የጠፉት ሰዓት ጠጋኙና እጮኛው ናቸው። ኮብልለው ውጭ አገር ገቡ ተብሎ ነገራቸው ከተዘጋ ቆይቷል።

የመምህሩ ሚስት የቀዶ ጥገና ነርስ ነበረች። ሰው ፊት ለፊቷ «ሲስተር»፣ ዞር ስትል ደግሞ «መርፌዋ» ይላታል። በሥራ ዘመኗ ከመግል ይልቅ የምትጸየፈው ሰነፍ ሐኪም ነበር፤ ጡረታ ከወጣች ወዲህ ጥላቻዋን ለመላው ከተማ አዳርሳዋለች። የሰዓት ጠጋኙ እናት ጎረቤቷ ናት። ሴትዮዋ «የሰው ልጅ አስኮብላይ እናት» ስትባል ኖራ፣ በሯን በሰው ላይ ዘግታ አርጅታለች። ሲስተር ይህን ቃል ለሚናገሩት ሁሉ ያስቀመጠችው ንቀት ነበራት፤ ባሏን አስከትላ ከውሃ ወደወጣችው መኪና ሄደች።

«አደጋ ነው፤» አለ የፖሊሱ መርማሪ፣ እጁን ኪሱ እንደከተተ። «መንገድ ስተው ገቡ። ውሃው ከፊት ሲሞላ ወደ ኋላ ሸሹ። አለቀ።»

«የፊቶቹ መስኮቶች ሁለቱም እስከ ታች ወርደዋል። ክፍት መስኮት ትቶ ወደ ኋላ የሚሸሽ ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«የደነገጠ ሰው ነዋ።»

«አንተም ደንግጠህ መሆን አለበት። ማሰብ አቁመሃል።»

በሾፌሩ በኩል አንገቷን አስገባች። ወንበሩ ከሐዲዱ ጋር በዝገት ተጣብቆ መነቅነቅ አቅቶታል፤ የቆመውም ወደ ኋላ እስከ መጨረሻ ተገፍቶ ነው። እንደ ምሰሶ የረዘመው ባሏ በክንዱ ለካው።

«ለእኔ እግር እንኳን ይበቃል፤» አለ።

ማምሻውን እናትየውን ጠየቀቻት። «ልጅሽ ሲነዳ እንዴት ነበር የሚቀመጠው?»

«ምኑን ተቀመጠው! አጭር አይደል? ወንበሩን ወደ መሪው አስጠግቶ፣ ከጀርባው ትራስ አድርጎ ነው። ‹ሕፃን ልጅ መኪና ሰረቀ ብለው እንዳይዙህ› እያልኩ እስቅበት ነበር።»

በማግስቱ ሲስተርና ባሏ ወደ እጮኛይቱ አክስት ቤት ሄዱ። ልጅቷን ከአራስነቷ ያሳደገቻት እሷ ናት። ሳሎኑ ውስጥ የልጅቷ ታላቅ ወንድም፣ አሁን የአባቱ የድንጋይ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ፣ ቁመቱን በሶፋው ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል።

«ሲስተር፣ የሞተ ይረፍ፤» አለ። «ያ ወስላታ እህቴን ይዞ ሲጠፋ እግዜር ያዘው። ከዚህ በላይ ምን ይመረመራል?»

«አንተን አልጠየቅኩህም፤» አለችና ወደ አክስትየው ዞረች። «ያኔ ደውላ ነበር ይባላል። ስልኩን ማን አነሣ?»

«እኔ። በጠፉ በሳምንቱ።»

«ድምፁ የእሷ ነው?»

«በሹክሹክታ ነው የምታወራው፤ ታለቅሳለች። ‹እትዬ፣ ደህና ነን፣ አገር ለቀናል፣ አትፈልጉን› ብላ ዘጋችው። ለፖሊስም ይህንኑ ነገርኩ፤ ፍለጋውን ተዉት።» አክስትየው መሐረቧን ጨመቀች። «አፏን ስትፈታ ጀምሮ ‹እማ› ነበር የምትለኝ። ሠርጉ ትንሽ ይቆይ ስላልኳት ተቀይማኝ ነው እማነቴን የነሣችኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል።»

የጓዳው በር ተከፈተና የወንድምየው ሚስት ብቅ አለች። «እትዬ፣ መድኃኒትዎን ወስደዋል?»

ሲስተር ሴትዮዋን ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና ሻይ ሳትጠጣ ተነሣች።

በሳምንቱ መጨረሻ ሁሉንም እዚያው ሳሎን ሰበሰበቻቸው፤ መርማሪውን በግድ፣ የሰዓት ጠጋኙን እናት በልመና።

«ሁለቱ ወደ ኋላ አልሸሹም፤» ጀመረች። «ከመነሻውም የተቀመጡት እዚያ ነው። ሁለት በር ባላት መኪና ከኋላ ያለ ሰው የፊቱ ወንበር ካልታጠፈለት መውጫ የለውም። ከፊት ግን ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ በየመስኮታቸው ወጥተው ሄዱ።»

«ማን ነው የነዳው ታዲያ?» አለ መርማሪው፤ እጁ ከኪሱ ወጥቷል።

«ረጅም ሰው። ወንበሩ ይናገራል። የመኪናዋ ባለቤት መሪውን የለቀቀውም እምቢ ሊለው ለማይደፍረው ሰው ነው፤ ነገ አማቹ ለሚሆን ሰው።»

ወንድምየው ሳቀ። «ረጅም እኔ ብቻ ነኝ? ባልዎስ?»

«እውነትህን ነው፤ ረጅም ቂል በየመንገዱ ሞልቷል። እኔ ግን የደወለችውንም እፈልጋለሁ። ልጅቷ ውሃ ውስጥ ናት፤ አልደወለችም። ድምፅ መቀየር የተለማመደች አንዲት ሴት አለች፤ አፏን ግን ልማዷ ቀደመው። እኚህን ሴት ‹እማ› የምትል ልጅ ሞታለች። አንተ ‹አክስቴ› ትላለህ። ከዚህ ቤት ‹እትዬ› የሚል ማን ነው?»

ሁሉም ወደ ሚስትየው ዞረ። ባሏ ከሶፋው ዘሎ ተነሣ።

«እሷ ናት የደወለችው! እኔ ስለ ስልክ የማውቀው የለም!»

ሲስተር የገማ ነገር እንደሸተተው ሰው አፍንጫዋን ነፋች። «ወይ ወንድ! እስክትናገር እንኳን አልጠበቅካትም።»

ሚስትየው ባሏን አየችው፤ መደበቁ የሰለቻት ትመስል ነበር። «ደውዪ ያልከኝ አንተ። ሰክረህ ‹እኔ ልንዳ› ያልከው አንተ።» ወደ ሲስተር ዞረች። «ያኔ እጮኛሞች ነበርን፤ እኔ ከጎኑ ነኝ። መንገድ ስቶ ጉድጓዱ ውስጥ ይዞን ገባ። ከዳር ወጥተን ስንቆም ጣሪያዋ ገና ይታይ ነበር። ተመለስና ወንበሩን እጠፍላቸው አልኩት። ‹ዝም በይ› አለኝ። የድንጋይ ማውጫው ጥበቃዎች ቤት እዚያው ነው፤ ብጮህ ይሰሙኝ ነበር።»

«ጮኽሽ?» አለቻት ሲስተር።

«አልጮህኩም።»

«ብመለስ እሞት ነበር!» አለ ወንድምየው። «አባቴም ዳግመኛ ጠጥተህ ባይህ ድርጅቱን አታይም ብሎኝ ነበር። ምን ላድርግ?»

«ይህን በፖሊስ ጣቢያ አስረዳ፤» አለች ሲስተር። «እኔ ቆሻሻ ሳይ እጄን መታጠብ ነው የምወደው።»

«አልተቀየመችኝም ማለት ነው፤» አለች አክስትየው ለራሷ። «ልጄ አልተቀየመችኝም።» ከዚያም ሁለቱ መኪናዋ ውስጥ ሆነው ምን ያህል እንደጠበቁ ማሰብ ሳትጀምር አልቀረችም፤ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።

የሰዓት ጠጋኙ እናት ተነሥታ ከአክስትየው አጠገብ ተቀመጠችና እጇን ያዘች።

«አንድ ላይ እንቅበራቸው?»

«አንድ ላይ።»

መርማሪው ክንዱን ይዞ ሲወስደው ወንድምየው አሁንም ሥራ አስኪያጅ ነበር። «መቃብራቸውን እኔ አሠራዋለሁ፤» አለ። «ከድርጅቴ ምርጡን ድንጋይ።»

እናትየው ቀና ብላ አየችው፤ ያን ሁሉ ዓመት በዘጋችው በር ውስጥ ያጠራቀመችው ሁሉ ፊቷ ላይ ነበር።

«አፈር ይበቃቸዋል፤» አለችው። «ድንጋይህን ተሸከመው።»