ቀይ የነበረው ታርጋ

ይህ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ፈጠራ የሚመስለው ካለ እዚህ ጋ ያቁም፤ አልለምነውም።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነበር። አናት የሚበሳ ፀሐይ። መርከባችን ሕንድ አገር ቪዛግ ወደብ ለሁለት ቀን ቆማለች። እኔና የሥራ ባልደረባዬ ሱጂት ባሕሩ አጠገብ ያለች ትንሽ የጦርነት ሙዚየም ገባን።

አስጎብኚው አፓ ራኦ ይባላሉ። ጡረታ የወጡ መርከበኛ ናቸው።

«ከየት ናችሁ ልጆቼ?»

«ከኮቺን።»

«ውይ ኮቺኖች! ዓሣ ስትበሉ እንጂ ስትዋጉ ማን አይቷችሁ!»

ሳቁ። ወዲያው ወደድኳቸው።

ግድግዳው ላይ፣ ድሮ በጦርነት ከሰመጠች የባሕር ኃይል ጀልባ ውስጥ ጠላቂዎች ያወጡት የስም ሰሌዳ ተሰቅሏል። እኛም መርከብ ላይ እንዲሁ አለን። ሁሉም ስሙ የተጻፈበት የየራሱ ታርጋ አለው። ወደ የብስ ስትወርድ ወደ ቀይ፣ ስትሳፈር ወደ ነጭ ትገለብጠዋለህ። የረሳ ሰው ከአለቃው ስድቡን ይጠጣል።

ግድግዳው ላይ ካሉት ሠላሳ አንዱ ታርጋ ነጭ ነው። አንዱ ብቻ ቀይ...

እጄ ሳላዘው ሄዶ ገለበጠው።

ቀጭ።

የአፓ ራኦ ሳቅ ቆመ።

«ማነው የነካው?»

«እኔ ነኝ አባቴ... ልማድ ሆኖብኝ...»

«ስሙን አንብበው።»

አነበብኩት። አፓ ራኦ ይላል።

«ጀልባዋ የሰመጠች ቀን ታምሜ ሆስፒታል ቀረሁ» አሉ በሹክሹክታ። «እነሱ ሄዱ... አንድም አልተመለሰም። መልሰው ልጄ። ቶሎ!»

ታገልኩት። አልዞር አለ። ሱጂትም ሞከረ።

በዚያ ሙቀት ታርጋው በረዶ ሆኗል። ጣቶቻችን ረጠቡ። ጣቴን ላስ አደረግኩት...

ጨው ነው።

ከግድግዳው ጀርባ ኮቴ ተሰማ። የብዙ ሰው ኮቴ። ከዚያ ግድግዳ ጀርባ ደግሞ ባሕር እንጂ ሌላ የለም።

«ሰማህ?» አለኝ ሱጂት ወደ በሩ እያፈገፈገ።

«ዝም በል...»

አፓ ራኦ ወገባቸውን አቀኑ። እጃቸውን ወደ ግንባራቸው አነሡ።

«አቤት ጌታዬ... መጣሁ።»

ድምፃቸው የሃያ ዓመት ጎረምሳ ድምፅ ነበር።

«አይሂዱ አባቴ!» ብዬ ክንዳቸውን ጨበጥኩ። ሸሚዛቸው ርሷል። ወደ ሱጂት ዞሬ «ሰው ጥራ!» አልኩት።

ይህን ብቻ ነው ያልኩት። ፊቴን ስመልስ እጄ ባዶ ነው።

በሩ አንድ ነው፤ ሱጂት ቆሞበታል። ማንም አልወጣም።

ሱጂት ያንተ ጥፋት አይደለም ይለኛል። ነው። እኔ ነኝ አሳልፌ የሰጠኋቸው።

የቀረው ጫማቸው ነበር። ክሩ እንደታሰረ፣ ደረቅ ወለል ላይ...

ውስጡ ግን ውሃ ቀስ እያለ ይሞላ ነበር።