ያልተነካችው ማርሽ

እግሯን መሬት ያስነካችው በዚያው ኩርባ ላይ ነበር። ባለፈው እሑድም እዚሁ፣ ከዚያ በፊት በነበረውም እሑድ እዚሁ፤ የውኃ ታንከሩ አጥር ጋ፣ አስፋልቱ እንደ መሰላል ቀጥ በሚልበት ቦታ። መሪውን በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛ ወደ ላይ አየች። የሌሎቹ ብስክሌተኞች ጀርባ እያነሰ፣ እያነሰ ሄዶ ከዳገቱ አናት ጠፋ።

ዳገቱን «ግድግዳው» ይሉታል። ርዝመቱ ሁለት ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ አዲስ ብስክሌተኛ ሁሉ ግን የሚፈተነው እዚህ ነው። ቡድኑን የሚመሩት ጡረታ የወጡ ፖስተኛ ናቸው፤ ሁሉም «ጋሼ ፖስታ» ይላቸዋል። ጋሼ ፖስታ ሁለት ሕግ አላቸው። ግድግዳውን እግሩን ሳያሳርፍ ያልወጣ ሰው ወደ ትልቁ ተራራ አይሄድም። ቀድሞ አናቱ ላይ የደረሰ ደግሞ ተመልሶ ይወርድና የመጨረሻውን ሰው ያጅባል።

ሁልጊዜ ቀድሞ የሚደርሰው መነጽር ሠሪ አሁንም እየወረደ ያለው በዚህ በሁለተኛው ሕግ ምክንያት ነው።

«መጣህ ደግሞ?» አለችው ገና ሳይቆም። ትንፋሿ ለሰላምታ አይበቃም፤ ለነገር ግን ምንጊዜም ይተርፋታል።

«መጣሁ።»

«ሬሳ ልታነሳ?»

«ሬሳ እንዲህ አይናገርም» አለና ብስክሌቱን አዙሮ ከጎኗ ቆመ።

ዓይኑ ብቻ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ጎማዋ ሄዶ ወደ ፊቷ ተመለሰ። የሆነ ቃል ከንፈሩ ላይ ደርሶ ሲዋጥ አየችው፤ ምን እንደሆነ ግን አልጠየቀችም። መጠየቅ አልለመደባትም።

ቡድኑ «እሾህ» ይላታል። ጎማ ላይ ለሚኖር ሰው ከእሾህ የከፋ ስም የለም፤ እሷ ግን እንደ ሜዳልያ ነው ያጠለቀችው። ሥራዋ መጋረጃ መስፋት ነው። ስፌትን ማንም አላስተማራትም፤ የጎረቤት ልብስ ሰፊ እጅ በመስኮት እያየች ለመደችው። ብስክሌትም እንደዚያው። ወንድሟ ሞተር ሲገዛ የጣለውን ብስክሌት ከጓሮ ጎትታ አወጣች፤ ሁለት ቀን ወደቀች፤ በሦስተኛው ቀን ሄደች። «ማን አሳየሽ?» ላላት ሁሉ መልሷ አንድ ነበር፤ «ዓይኔ።»

መነጽር ሠሪው በተዋወቁበት ቀን፣ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ፣ «ወንበርሽ ትንሽ ዝቅ ብሏል» ብሏት ነበር። ከራስ ፀጉሩ እስከ ጫማው ለካችውና፣ «ስማኝ ወንድሜ፣ ሳልጠይቅህ አንዲት ምክር ከአፍህ ብትወጣ፣ የመጨረሻ ንግግራችን እሷ ናት። ቃልህን ስጠኝ» አለችው። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም።

«ቃሌ ነው» አለ።

ጠበቀም።

በመጀመሪያ ሃያ ኪሎ ሜትር ሄዱ፤ ከዚያ አርባ፤ ከዚያ ስድሳ። ሜዳው ላይ ጎን ለጎን ሲነዱ ስለ ብስክሌት አያወሩም። እሱ ስለ መስታወት ያወራል፤ መስታወት ስትሞርድ የፀጉር ያህል ከሳትክ ሰውየው የሚረግጠው ደረጃ ሁሉ ተጣሞ እንደሚታየው፣ አንዲት ሴትዮ አዲሱን መነጽር አድርገው ባላቸውን አይተው «ለካ ሸብተሃል!» እንዳሉ። እሷ ትስቃለች። ስትስቅ መሪዋ ይወላገዳል፤ ትከሻቸው ሊነካካ ይደርሳል።

ከእሑድ እስከ እሑድ ያለው ጊዜ ረዘመባት። የእናቷን መነጽር ብሎን በቢላ ጫፍ እያላላች «ተበላሸ» ብላ ትወስድለት ጀመር።

«በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚላላ ብሎን አይቼ አላውቅም» አላት አንድ ቀን።

«እናቴ ብዙ ታነባለች።»

ከዚያ አንድ እሑድ፣ መንገድ ዳር ዛፍ ሥር ሙዝ እየበሉ፣ እንደ ቀላል ነገር አድርጎ ነገራት።

«ሱቃችን ሊዛወር ነው።»

«ወዴት?»

«ከተራራው ወዲያ ወዳለችው ከተማ። ከሦስት ሳምንት በኋላ።»

ሙዙ አፏ ውስጥ ጭቃ ሆነባት። «ስንት ኪሎ ሜትር ነው?»

«ሰማንያ ሁለት። መሀሉ ላይ ግን ተራራው አለ።» ልጣጩን በጣቶቹ አጠፈው፣ ፈታው፣ መልሶ አጠፈው። «ጠብቂኝ አልልሽም። ግን ብትመጪ…»

«ጨርሰዋ!»

«ብትመጪ ደስ ይለኛል።»

ቡድኑ በዚያው በመሄጃው እሑድ በብስክሌት ሊሸኘው ቆረጠ። የሚሄደው ታዲያ ግድግዳውን የወጣ ብቻ ነው።

«አውቶቡስ አለ እኮ ልጄ» አለቻት እናቷ፣ ልጇ ሳሎን ውስጥ ከበር እስከ መስኮት ስትመላለስ አይታ። «በየሰዓቱ ይሄዳል።»

«እንደ ዕቃ ተጭኜ ሰው ጋ አልሄድም።»

«እኔ አባትሽ ጋ በምን የመጣሁ ይመስልሻል? በአውቶቡስ!»

«ለዚህ ነዋ ዕድሜ ልኩን ሲያንገላታሽ የኖረው።»

«ሰምቻለሁ!» አለ አባቷ ከመኝታ ቤት።

እናት ሳቀች፤ ልጅ አልሳቀችም። አንድ ነገር ልቧ ውስጥ ከርሮ ነበር፤ ወይ በራሷ እግር ያንን ተራራ ትሻገራለች፣ ወይ ነገሩ እዚያው ዛፍ ሥር ይቀራል። በሰው የተጎተተ ፍቅር አትፈልግም። መቀመጥ አቃታት። የስፌት መኪናው ፔዳል ላይ እግሯ ሳታውቀው ይረግጣል፤ ክሩ ከጠርዙ ወጥቶ መጋረጃው መሀል ለመሀል ይሄዳል። አሠሪዋ ጨርቁን ወደ ብርሃን አንስታ፣ «ይሄ መጋረጃ ነው ወይስ የገጠር መንገድ ካርታ?» አለቻት።

ከሦስቱ ሳምንት ሁለቱ እንዲህ አለቁ። ዛሬም ያው ኩርባ፣ ያው የታንከር አጥር። ከላይ ጋሼ ፖስታ ወረዱና ፊቷን ሳያዩ፣ «ቅዳሜ ጠዋት አንድ ዕድል እሰጥሻለሁ» አሉ። «እሷ የመጨረሻ ናት።»

ማክሰኞ ዕለት ፍሬኗ መጮህ ስለጀመረ ብስክሌቷን ወደ ጠጋኟ ወሰደች። ጠጋኟ እጇ እስከ ክርኗ ግራሶ የሆነ፣ ሰው ሳታይ ብስክሌት ብቻ አይታ የምታወራ ሴት ናት። ብስክሌቱን ገልብጣ ጎማውን ስታሽከረክር ድንገት በመዳፏ አቆመችው።

«እህቴ፣ ይቺን ለሠርግሽ ነው ያስቀመጥሻት?»

«የቷን?»

«ትልቋን ጥርስ። ሌሎቹ ማርሾች በቆሻሻ ጠቁረዋል፤ እሷ እንደ ብር ማንኪያ ታበራለች። ካቴና ነክቷትም አያውቅም።»

«እሷ አትሠራም። መቀየሪያውን ስገፋው ይጠነክራል። አንዴ ገጭ ሲልብኝ የሚሰበር መስሎኝ ፈራሁና ተውኩት።»

«ፈራሁ» የሚለው ቃል ከአፏ ሲወጣ ራሷ ደነገጠች።

ጠጋኟ በአውራ ጣቷ መቀየሪያውን እስከ መጨረሻው ገፋችው። ገጭ! ካቴናው ትልቋ ጥርስ ላይ ወጥቶ ቁጭ አለ፤ ፔዳሉም እንደ ላባ ዞረ። «አይነክስም» አለች። «የዳገት ማርሽ ማለት ይቺ ናት። እስካሁን ያለ እሷ ስትወጪ ከነበረ፣ እግርሽ የበሬ ነው። ለካ የመነጽሩ ልጅ እውነቱን ነው።»

«የቱ የመነጽሩ ልጅ?»

«ሁለት ወር ይሆነዋል። መጥቶ፣ ‹አንዲት ነገረኛ ቆንጆ ብስክሌት ይዛ ከመጣች፣ ትልቋን ጥርስ አሳዪያት› ብሎ ለመነኝ። ‹አንተ አትነግራትም ወይ?› ስለው፣ ‹ቃል ገብቻለሁ› አለኝ።»

እንዴት እንደሄደች አታስታውስም። ራሷን ያገኘችው ከመነጽር ሱቁ ጀርባ ያለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው፤ የመሞረጃው መኪና ይጮኻል፣ እሱ አጎንብሷል።

«አጥፋው!»

አጠፋው።

«ስምንት ሳምንት! ሳንባዬ በአፌ ሊወጣ ሲደርስ ስምንት ሳምንት ቆመህ ስታይ!»

«ቃል አስገባሽኝ።»

«የቃል ሰው! ቤቴ ቢቃጠልም ሳልጠየቅ አልናገርም ልትል ነው?»

«ብነግርሽ ዳግመኛ ታናግሪኝ ነበር?»

እንደማታናግረው ሁለቱም ያውቃሉ።

እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ የጠራውን እጅ ደግሞ ጠረገው። «ሌላም አለ። ውሸታም ሆኜ ከምሄድ ልንገርሽ። ኩርባው ላይ በቆምሽ ቁጥር እወርዳለሁ። ከዚያ እስከ አናቱ ሁለታችን ብቻ ነን። ሳትቆሚ ብትወጪ የምወርድበት ምክንያት አይኖረኝም። አንዳንድ እሑድ… እንድትቆሚ እመኝ ነበር።»

ሰው በዚህ ይናደዳል ወይስ ይቀልጣል? እሷ ሁለቱንም ሆነች፤ ያሳየችው ግን አንዱን ብቻ ነው። በሩን ወርውራው ወጣች።

ቅዳሜ ጠዋት በትልቋ ጥርስ ግድግዳውን ወጣች። ኩርባውን ስታልፍ የታንከሩን አጥር በዓይኗ ገረፈችው። አናቱ ላይ ደስታ የጠበቀችውን ያህል አልመጣም፤ የሚወርድላት ሰው አልነበረማ።

«እንግዲህ ነገ ትሄጃለሽ» አሏት ጋሼ ፖስታ። «ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። መንገዱ ረጅም ነው፤ ቀስ፣ ደግሞም ብይ።»

ሰማች እንጂ አላዳመጠችም። እሑድ ገና ከመነሻው ፈተለከች፤ ፊቱን ላለማየት ከሁሉም ፊት ሆነች። ሌሎቹ ቆመው ሲበሉ እሷ ውኃ ብቻ ተጎንጭታ ቀጠለች። ተራራው ሥር ስትደርስ አምሳ ኪሎ ሜትር ሆኗት ነበር። ትልቋን ማርሽ ገጭ አደረገች። ለጥቂት ጊዜ ወጣች። ከዚያ ጉልበቷ፣ እንደ ተቀደደ ከረጢት፣ አንድም ሳይቀር ፈሰሰ። መንገዱ ነጣባት። ቆመች።

አንድ በአንድ አለፏት። «አይዞሽ እሾህ!» እያሉ። ጋሼ ፖስታ ፍጥነታቸውን ሊቀንሱ ሲሉ በእጇ «ይሂዱ» አለቻቸው። ከሁሉም መጨረሻ እሱ መጣና ከጎኗ ቆመ። ነፋሱ ብቻ በጎማዎቹ ሽቦዎች መሀል ያፏጫል። ተራራው ገና ስድስት ኪሎ ሜትር ይቀረዋል፤ ከታች ደግሞ አውቶቡሱ እያቃሰተ ሲመጣ ይሰማል። እጇን ብታወጣ ይቆማል። እጇን አላወጣችም።

«ምከረኝ» አለች፣ መሬት መሬቱን እያየች።

«ምን?»

«እንዳልሰማ አትሁን! ምከረኝ አልኩህ።»

የሁለት ወር ግድብ ተናደ። «ብይ! ጠጪ! ትከሻሽን ልቀቂው፣ መሪውን አታንቂው፣ አናቱን አትዪ፣ ፊት ፊትሽን እዪ፣ በአፍንጫሽ ሳቢ፣ ወንበርሽ ዝቅ…»

«አንድ ብቻ!»

አሰበ። «ብይ» አለና ከኪሱ የተጨፈለቀ ሙዝ አወጣ።

በላች። አውቶቡሱ ጭሱን ረጭቶባቸው አለፈ። ሁለተኛ ሙዝ ሰጣት፤ በላች። ደም ወደ ጣቶቿ ሲመለስ ተሰማት።

«ይቅር አላልኩህም» አለችው ፔዳሉ ላይ እየወጣች።

«አውቃለሁ።»

«የእናቴን መነጽር ብሎን የማላላው ግን እኔ ነበርኩ።»

«እሱንም አውቃለሁ። የቢላ ጫፍ ጭረት ይተዋል።»

«እና ዝም አልክ?»

«ይላላ ብዬ ነዋ።»

ሳቋ ትንፋሿን ሊወስድባት ነበር። ስድስቱን ኪሎ ሜትር በእግረኛ ፍጥነት ወጡ፤ ሁለት ጊዜ ቆሙ። በሁለተኛው ላይ እጁ መሪዋን በያዘው እጇ ላይ አረፈ፤ ሁለቱም አላነሱትም።

ከተማዋ ሲገቡ ፀሐይ ገና አላዘቀዘቀችም። ዕቃውን ያመጣው የጭነት መኪና ቡድኑን ይዞ ሊመለስ አደባባዩ ላይ ቆሟል፤ ጋሼ ፖስታ ሰዓታቸውን ያያሉ። ሁለቱ ግን አዲሱን ቤት ሊያዩ ብስክሌታቸውን እየገፉ ጠባቡን መንገድ ገቡ። አከራይዋ ቁልፍ በጣታቸው አንጠልጥለው በር ላይ ጠበቋቸው። እሱን አዩ፤ እሷን አዩ፤ ላብና አቧራ የለበሰ ፊቷን ለረጅም ጊዜ አዩ።

«እህትህ ናት?»

እሱ ዞሮ አያት፤ ፈቃድ እንደሚለምን ሰው።

«አይደለሁም እማማ» አለች እሷ። «በየሁለት ሳምንቱ እሑድ እዚህ የምመጣ ነኝ። ስደርስ ደክሞኝ ስለምሆን ብዙ አልናገርም፤ ቢበዛ አንድ ሰዓት።»

መነጽር ሠሪው ሳቀ። ከተዋወቁ ጀምሮ በሰው ፊት እንዲህ ሲስቅ አይታው አታውቅም።

«ታዲያ ይቺን ምን ልበላት?» አሉ አከራይዋ ወደ እሱ ዞረው።

«እስቲ ራሷን ይጠይቋት» አለ። «እኔ ሳልጠየቅ አልናገርም።»

«አሁን ተጠየቅህ!» አለችው፣ ብስክሌቷን ግድግዳው ላይ አስደግፋ እጇን እያጣመረች። «ንገራቸዋ። ቆሜ እሰማለሁ።»