«መጣ» ሲባል

በወይዘሮ የሺመቤት ቤት መብራት ሲሄድ ሁሉም የየራሱን ሥራ ያውቃል። እሳቸው ሻማ ይለኩሳሉ፤ አብራቸው የምትኖረው ትርንጎ ደግሞ ሮጣ ከምስማሩ ላይ ቁልፍ ታነሳና ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ የተገጠመውን አሮጌ የሌባ ደወል ታጠፋለች። ባትሪው ስላረጀ መብራት በሄደ ቁጥር ሌባ የገባ መስሎት ሰፈሩን በጩኸት ያምሳል ብላ ነው። መብራቱ ሲመለስ ትርንጎ ከማድ ቤት «መጣ!» ትላለች፣ ወይዘሮ የሺመቤትም ካሉበት ሆነው «እሰይ!» ይላሉ፣ ቁልፉ ይዞራል፣ ደወሉም ትንሿን ቀይ ዓይኑን ይገልጣል። ልጆቼ፣ ሁለት ሰው ብቻ በሚኖርበት ቤት እንዲህ ያለች ቃል መቀባበል እንኳ ትልቅ ጨዋታ ናት።

ደወሉ የተገጠመው ለሌባ አልነበረም። ልሳኑ የሚባል ባል ነበራቸው፤ እጁ ከዱላ የማያርፍ፣ ሲቆጣ ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ሰው። አንድ ክረምት ሽማግሌና ፖሊስ ተረዳድተው ሲያስወጡት፣ ደጃፉ ላይ ቆሞ ዝናብ የጠጣ ካፖርቱን እያራገፈ፣ «እኔ ሌባ አይደለሁም» አላቸው። «አጥር ዘልዬ አልመጣብሽም። ተከፍቶልኝ፣ እሰይ ተብዬ ነው የምገባው።» በማግሥቱ ደወሉን አስገጠሙ፤ በር ከተነካ ደሴን የሚቀሰቅስ። ከዚያ ወዲህ ልሳኑ ሞቶ በአገሩ ተቀብሯል። እሳቸው ግን ቀይዋን ዓይን ሳያዩ እንቅልፍ አይወስዳቸውም።

ትርንጎ የልሳኑ የእህት ልጅ ናት፤ ከገጠር ያመጣትም እሱ ነው። ሲባረር ግን አልተከተለችውም። የወይዘሮ የሺመቤት እግር ላይ ወድቃ፣ «እኔ ከእትዬ ተለይቼ ወዴት እሄዳለሁ?» ብላ አለቀሰች። ከሥጋዋ እሳቸውን መረጠች፤ ይህንን ለጎረቤት ሲያወሩ ዛሬም ዓይናቸው እንባ ያቀራል። ከደወሉ ጋር ከመጡት ሁለት ቁልፎች አንዱን ጉድጓድ ውስጥ ጣልኩት ያለቻቸው ጊዜ እንኳ አልተቆጧትም።

ዘንድሮ ክረምቱ ከበደ። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ መስኮቱ ላይ ይተኛል፣ መብራቱም ሲመሻሽ ይሄዳል። አንድ ቀን ወይዘሮ የሺመቤት ሳሎን ተቀምጠው ሹራብ ሲሠሩ፣ ከኮሪደሩ የቁልፉን ድምፅ ሰሙ፤ ቀጭ። ቀና ሲሉ አምፖሉ ገና አልጠፋም፣ ቦግ ብሎ እንደበራ ነው። ከዚያ ጠፋ። «ጆሮዬ ነው» አሉና ሻማቸውን ፈለጉ።

በሌላ ጊዜ ደግሞ ጨለማው ሽታ ይዞ መጣ፤ የረጠበ ሱፍና ቅርንፉድ፣ ያ ልሳኑ ጥርሱን ባመመው ቁጥር ሲያኝከው ትራሱ ላይ ሳይቀር ይሸት የነበረው ቅርንፉድ።

«ትርንጎ፣ ምንድን ነው የሚሸተኝ?»

«ሻይ ውስጥ ጨምሬ ነው፣ እትዬ። አፍንጫዎ ደግሞ! ፖሊስ ቢቀጥርዎ አንድ ሌባ አያመልጥም ነበር።»

ሳቁ። ሻይ ግን አልቀረበም።

ከዚያ ወዲያ ጨለማው ራሱ ቤቱን የለመደ መሰለ። መብራት በጠፋ ቁጥር ከጓሮው በር ጀምሮ ጣውላው ሲጥ ሲጥ ይላል፣ በካልሲ እንደሚሄድ ከባድ ሰው ቀስ እያለ፣ በየጊዜው ትንሽ እየቀረበ፣ ግን ደግሞ ኮሪደሩ አፍ ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ግባ እስኪባል እንደሚጠብቅ እንግዳ። መብራት ሲመለስ ሰው የለ፣ ጭቃ የለ፤ መወልወያው ብቻ ርጥብ ሆኖ ግድግዳ ተደግፎ ይገኛል።

አንድ አመሻሽ ወይዘሮ የሺመቤት ትርንጎ ሳታይ ቁልፉን ከምስማሩ አንስተው ጡታቸው ሥር ወሸቁት። ዛሬ ደወሉ አይጠፋም፤ ሰፈሩ ይረበሽ፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ አሉ። ብዙም ሳይቆይ መብራቱ ሄደ። ጆሯቸውን ይዘው ጩኸቱን ጠበቁ።

ደወሉ አልጮኸም። ቀይዋ ዓይን ከኮሪደሩ ጨለማ ውስጥ ጸጥ ብላ ታያቸዋለች። ባትሪው ደህና ነበር። ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን ሲባል ነው የሚጠፋው?

«እትዬ» አለች ትርንጎ ከኮሪደሩ። ሻማ አልያዘችም። «ቁልፉን ይስጡኝ።»

«ለምን? አልጮኸም እኮ።»

«ይስጡኝ» አለች ደግማ።

«ትርንጎ፣ ልጄ፣ ለምን?»

«ውጭ ብርድ ነው፣ እትዬ» አለች፣ እግራቸውን ስታጥባቸው በምታወራበት በዚያው ለስላሳ ድምፅ።

ምን ልበላችሁ፣ ልጆቼ፤ እሳት ውስጥ ገብታ ታወጣኛለች ብለው ያመኗት እሷን ነበር። ቁልፉን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ደረታቸው ላይ አጣበቁት፤ ብረቱ በገላቸው ሞቋል። ቁልፉ እጃቸው ውስጥ እያለ ከኮሪደሩ ቀጭ አለ፤ ጉድጓድ ገባ የተባለው ቁልፍ ነበር። ቀይዋ ዓይን ከሰመች። የጓሮው በር መቀርቀሪያ ተሳበ፣ እርጥብ ነፋስ ገባ፣ ከነፋሱ ኋላ ቅርንፉዱ፣ ከቅርንፉዱ ኋላ ጣውላው፣ ሲጥ፣ ሲጥ፣ ኮሪደሩ አፍ ላይ ደርሶ ቆመ።

«መጣ!» አለች ትርንጎ።

ለዓመታት የለመደ አፋቸው ቀድሟቸው «እሰይ!» አለ፤ ቀና ብለው ሲያዩ አምፖሉ እንደጨለመ ነው።