ጉልበተኛዋ መኪና እና የሊቀመንበሩ ጥርስ

ልጅቷ የመንጃ ፈቃድ አስተማሪ ናት። ሳምንቱን ሙሉ ከተማሪዎቿ አጠገብ ተቀምጣ «ቀስ በል፣ ረጋ በይ፣ መሪውን አትገንጥለው» ስትል ትውላለች። እሑድ ሲሆን ግን ሄልሜቷን አጥልቃ ያረጀች ትንሽ መኪናዋን በመኪና ውድድር ክለቧ ሜዳ ላይ በጎኗ ታስኬዳታለች። ድሪፍት ይሉታል፤ ቀድሞ የደረሰ የሚያሸንፍበት ሳይሆን፣ መኪናውን መታጠፊያው ላይ አንሸራቶ፣ ጎማውን እያጨሰ አሳምሮ ላወጣ ሰው ዳኞች ነጥብ የሚሰጡበት ውድድር ነው።

ሐኪሙን ያየችው ከነዚህ እሑዶች ባንዱ ነው። ድምፁ ደረት የሚያንቀጠቅጥ ቀይ የስፖርት መኪና ሜዳው ውስጥ ገባና የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ እንደ እንዝርት ሾረ። ሲቆም ፊቱን ወደመጣበት አዙሮ ነበር። ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ ቀጭን ወጣት ከውስጥ ወረደና፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ወደ እሷ መጥቶ በትሕትና ጠየቃት።

«ይቅርታ፣ መውጫው በየት በኩል ነው?»

ሳቋ አመለጣት። እሱም ትንሽ ቆይቶ ሳቀ። የጥርስ ሐኪም መሆኑን ነገራትና ሳቋን እያየ «ጥርስሽ ጤነኛ ነው» አላት። እንዲህ ያለ ሙገሳ ሰምታ አታውቅም። ማታ ቤቷ መስታወት ፊት ቆማ ጥርሷን ስትመረምር ራሷን አገኘችው።

የክለቡ ሊቀመንበር አባቷ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ አውቶቡስ ነድተው ጡረታ የወጡ፣ ተሳፋሪ ሲጨቃጨቅ በአንድ እይታ ዝም ያሰኙ የነበሩ ሰው። ቀይዋን መኪና ያዩ ቀን ፊታቸው ጠቆረ። ነዳጅ ረገጥ ሲያደርጉት ራሱ የሚሾር መኪና ምኑ ላይ ነው ጥበቡ፣ ባለገንዘብ ሁሉ እየገዛ መጥቶ ልጆቻችንን ከሜዳ ሊያስወጣ ነው አሉ። ጉልበተኛ መኪና ከውድድሩ እንዲታገድም ለክለቡ ስብሰባ ሐሳብ አቀረቡ። ልጅቷም ሐሳቧ እንደ አባቷ ነበር፤ ለሐኪሙ ሳትደብቅ ነገረችው።

ሐኪሙ አልተከፋም። «ነድተሻት ፍረጂ» ብሎ ቁልፉን ሰጣት።

እሷም በሙሉ ልብ ገባች። ነዳጁን በእግሯ ገና ነካ ማድረጓ ነው፣ ሰማይና ምድሩ ተዟዟረባት፤ ጭሱ ሲገፈፍ መኪናዋ ሜዳውን ለቃ ሣሩ ላይ ቆማለች። አጠገቧ የተሳፈረው ሐኪም ወንበሩን በሁለት እጁ እንደጨበጠ ነው።

«ያንቺ መኪና ጥፋትሽን ትሸፍንልሻለች፤ ይቺ ግን ታጋልጥሻለች» አላት ትንፋሹን ሰብስቦ። «የወደድኳት ለዚህ ነው።»

ዓይኑን አየችው፣ ከዚያ ቶሎ ብላ ሣሩን አየች።

ከዚያ ወዲህ በትንሿ መኪናዋ ታስተምረው ጀመር። ሐኪሙ ፍሪሲዮኑን በረገጠ ቁጥር መኪናዋን ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስል ነበር። አንድ ቀን ማርሽ ሲቀይር እጁ እጇ ላይ አረፈ። ሁለቱም ማርሹን እንጂ ሌላ ነገር እንዳልነኩ ሆነው ፊት ለፊት እያዩ ዝም አሉ፤ መኪናው ግን በተሳሳተ ማርሽ ሲያጓራ ቆየ።

አባቷ ይህን ዝምታ ከሩቅ አዩት። ልጁ የሚመጣው ለመኪናው ይሁን ለልጃቸው ጠየቋት። ለልምምድ ነው አለች፤ ጆሮዋ ቀላ። እንግዲያው ስብሰባው እስኪያልፍ ልምምዱ ይቁም ብለው አገዷት።

ስብሰባው በሚደረግበት ቀን ጠዋት ግን አባትየው ጉንጫቸው አብጦ ተነሡ። ሲደብቁት የከረሙት መንጋጋ ጥርስ ነው። ሌላ ሐኪም ፈልጊ ቢሏትም ያን ቀን ክፍት የነበረው የሱ ክሊኒክ ብቻ ነበር። ወንበሩ ላይ የተጋደሙት ለክርክር ተዘጋጅተው ነው፤ አፌን አስከፍቶ ስለ መኪናው ሊሰብከኝ ነው ብለው ጠርጥረዋል። ሐኪሙ ግን «ይክፈቱ» እና «ይትፉ» ከማለት በቀር ቃል አልወጣውም። ጥርሱ ተነቅሎ ሲያበቃ ዝምታው አላስችል አላቸው። በደነዘዘ ከንፈራቸው እየተኮላተፉ ለምን እንዳልተከራከራቸው ጠየቁት።

«ጋሼ፣ መልስ መስጠት ለማይችል ሰው መከራከር ነውር ነው» አላቸው፣ ጓንቱን እያወለቀ።

አባትየው ጥጡን ነክሰው ጣሪያውን አዩ። ሊቆጡ አስበው ነበር፤ ቁጣው ግን አልመጣላቸውም።

አዳራሹ ሲደርሱ ግማሽ ፊታቸው የሳቸው አልነበረም። «ክቡራን አባላት» ለማለት ሞክረው የወጣው ሌላ ነገር ሆነና፣ ተናገሪልኝ ብለው በእጃቸው ወደ ልጃቸው ጠቆሙ። እሷም የአባቷን ሐሳብ አንድም ሳታጎድል አቀረበች።

ከዚያ «የአባቴ ቃል እዚህ ላይ አበቃ፤ የሚቀጥለው የራሴ ነው» አለች። ያችን መኪና ነድታ ሣር ላይ መውጣቷን፣ ጉልበት ብቻውን ነጥብ እንደማያመጣ፣ የአባቷ ስጋት ግን እውነት መሆኑን ነገረቻቸው። ጉልበተኞቹ ለብቻቸው ይወዳደሩ፤ ያም ቢሆን በትንሽ መኪና ተፈትኖ ያላለፈ አይግባ አለች።

ጎማ የሚሸጥ አንድ የክለቡ አባል ከመሐል ተነሣ። «ቆይ፣ አንቺ የምትከራከሪው ለመኪናው ነው ለባለቤቱ?»

ሐኪሙ ከኋላ ወንበር ላይ የሚይዘው ጠፍቶት ጫማውን ያይ ጀመር።

«ለሁለቱም» አለች። «እናንተ ድምፅ የምትሰጡት ግን ለመኪናው ብቻ ነው።»

ሳቁ ጋብ እንዳለ ድምፅ ተሰጠና የልጅቷ ሐሳብ አለፈ። አባትየው ያን ጊዜ እጃቸውን ወደ ደነዘዘው ጉንጫቸው ከፍ ሲያደርጉ ለልጃቸው ሐሳብ ድጋፍ ተብሎ ተቆጠረላቸው። በኋላ ድንዛዜው ለቋቸውም ቆጠራው ይታረም ብለው አልጠየቁም።

ሐኪሙ ፈተናውን በትንሿ መኪና ወድቆ፣ ደግሞ ተፈትኖ አለፈ። በመጀመሪያው ውድድር ከጉልበተኞቹ መጨረሻ ወጣ። እንደዚያም ሆኖ ከመኪናው ሲወርድ በደስታ ፊቱ ያበራ ነበር። በዚያው ድፍረቱ ሳይበርድ በቀጥታ ሊቀመንበሩ ዘንድ ሄዶ፣ ልጃቸውን ማግባት እንደሚፈልግ ነገራቸው።

አባትየው በትከሻው ላይ አሻግረው ወደ ኋላው አዩ።

«አንተ ልጅ፣ እሷን ጠይቀሃታል?»

ሐኪሙ አልጠየቃትም ነበር። ዞር ሲል ከጀርባው ቆማለች፤ ሁሉንም ሰምታለች። ቀኑን ሙሉ የሰው አፍ ሲያስከፍት የሚውለው ሰው የራሱን መክፈት አቃተው።

ታገሰችው፤ ለተማሪዎቿ እንኳ ያን ያህል ታግሳ አታውቅም። ፊቱ እየቀላ ሲሄድ ግን አሳዘናት።

«እሺ» አለችው።