የተበላሸችው ቃል

ሬሳው ከጀልባ መውረጃው አጠገብ በሸራ ተሸፍኖ ተጋድሟል። እግሩ ሥር ጆሮው የቆመ፣ ወገበ ቀጭን ውሻ የገመድ ኳስ ነክሶ ተቀምጧል።

«ከጠዋት ጀምሮ ከዚህ ንቅንቅ አላለም። ኳሷንም ልቀቅ ብንለው እምቢ ብሏል» አለች የዱር እንስሳት ጥበቃ ካምፑ ኃላፊ ኤናላ ምቤዌ።

ኢንስፔክተር ሙቲንታ ሃሙንጋ ሸራውን ገለጠች። የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰንጥቋል። እጆቹ ላይ የትግል ምልክት የለም። አንገቱ ላይ አንዲት ትንሽ ፊሽካ ተንጠልጥላለች።

ሟቹ ላክሰን ሳካላ የውሻ አሠልጣኝ ነበር። ምፔፖ የተባለው ውሻው የተደበቀ የዝሆን ጥርስ እያነፈነፈ ፈልጎ ያገኛል፤ ሲያገኝም ቁጢጥ ብሎ ይጠብቃል። ግን ከገመድ ከተፈታ ቀልቡ ከሰው ጋር አይደለም፤ ሲጠሩት አይመጣም ይባላል። ሕገወጥ አዳኝ በሚያደባበት ጫካ እንዲህ ያለ ውሻ ራሱንም ጌታውንም ያስፈጃል። ስለዚህ የዝናቡ ወራት እስኪያልቅ ካልታረመ እንዲገደል ተወስኖ ነበር።

ሙቲንታን ያመጣት ጀልባ ሲመለስ የሉዋንግዋ ወንዝ ግንድ እያንከባለለ ይወርድ ነበር። ዝናቡ እንደገና ወረደ። ቅኝት የወጡትን ጠባቂዎች ጎርፉ ማዶ አስቀርቷቸዋል። በዚህች ጉብታ ላይ ከእሷ ሌላ ያሉት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ከሦስቱም አንዱ ገዳይ ነው። በየትኛውም በኩል ብትዞር የሚሰማት የውሃ ድምፅ ነው።

«ረዳቱን ዋይትሰንን ዕቃ ክፍል ቆልፌበታለሁ። አጎት ሞፋት ሲጣሉ ሰምቷቸዋል» አለች ኤናላ።

ሞፋት ቹሉ የመጋዘኑ ኃላፊ ነው። ካምፑ ውስጥ አጎቴ የማይለው የለም። ሙቲንታን ሲያይ የመጋዘኑን በር ያሰረበትን ሲባጎ ፈትቶ ከፈተላትና የዱቄት ጆንያ ላይ አስቀመጣት።

«ሁለቱም ልጆቼ ናቸው» አለ ዓይኑን እየጠረገ። «ትናንት አመሻሽ ላይ ላክሰን ‹ና! ምፔፖ፣ ና!› እያለ ሲጮህ ሰማሁ። ውሻው የት ሊመጣ! ዋይትሰን ሳቀበት። ‹ዓመት ሙሉ ለፍተህ ና ሲባል መምጣት እንኳ አላስተማርከውም› አለው። ተሰዳደቡ። ከዚያ ጭጭ።»

«ወጥተው አላዩም?»

«በዚያ ዝናብ የት እወጣለሁ፣ የኔ ልጅ? ወጣቶች ናቸው፣ ይታረቃሉ ብዬ ተውኳቸው።»

ዕቃ ክፍሉ መስኮት የለውም። ውሃው በበሩ ሥር እየገባ የዋይትሰን ንጆብቩን ጫማ አርሷል።

«እዚሁ ልታሰጥሙኝ ነው?» አለ ብድግ ብሎ።

«ከላክሰን ጋር ትጣሉ ነበር?»

«ያልተጣላንበት ቀን የለም። እሱም ግትር፣ እኔም ግትር። ትናንትም በፊሽካው ተጨቃጭቀናል።»

«የምን ፊሽካ?»

ዋይትሰን ግድግዳውን ተደገፈ።

«ምፔፖ ‹ና› ሲባል ይመጣ ነበር» አለ። «በረጅም ገመድ ነው የጀመርነው። በመጣ ቁጥር ላክሰን ኳሷን ይሰጠዋል፣ አብረው ይንከባለላሉ። ካልመጣ ኳስ የለም። መምጣት ደስታ እንዲሆንለት ነው። ታዲያ አንድ ቀን ‹ና› ብንለው ጭራውን ቆልፎ ሸሸ። ላክሰን ወዲያው ገባው። ‹አንድ ሰው በዚህች ቃል ጠርቶ ደብድቦታል፤ ቃሏ ተበላሽታለች› አለኝ። ከዚያ ወዲህ ከአፋችን ወጥታ አታውቅም። በፊሽካ እንደ አዲስ ጀመርን።»

«ለምን ደበቃችሁት?»

«ደብዳቢውን እስኪደርስበት ነዋ። እኔ ለኤናላ እንንገራት እላለሁ፣ እሱ ቆይ ይለኛል።»

«አሁንስ ይመጣል?»

«በቀደም ከቆርኬ መንጋ መሃል ተመልሶ መጣለት። ላክሰን እንደ ሕፃን ዘለለ።»

ፈጥሮ የነገረኝ ታሪክ ሊሆን ይችላል ብላ ሙቲንታ ኤናላን ፍለጋ ሄደች።

«ላክሰን ውሻውን ‹ና› እያለ ሲጠራ የሰማሽው መቼ ነው?»

ኤናላ አሰበች። «ከሰማሁ ቆይቷል። ተስፋ ቆርጧል ብዬ ጠመንጃውን ወልውዬ ነበር።»

«ፊሽካስ?»

«እሱንስ ከሜዳው በኩል ሁሌ እሰማለሁ። ጠባቂዎቹ ሲጠራሩ መስሎኝ…» ንግግሯን አቋርጣ ኢንስፔክተሯን አፍጥጣ አየቻት።

ሙቲንታ ምፔፖን በገመድ ይዛ በካምፑ ዞረች። ውሻው መጋዘኑ ጓሮ ሲደርስ ኳሷን እንደነከሰ ከግድግዳው ፊት ቁጢጥ አለ፤ ብትጎትተውም አልነሳም።

ሁሉንም ከቢሮው በረንዳ ሰበሰበቻቸው። ሞፋት ለዋይትሰን ፎጣ ይዞለት ቢመጣም፣ ዋይትሰን አልተቀበለውም።

«ላክሰንን ያጠቃው ሰው ከኋላው ነው የመጣው» አለች ሙቲንታ። «የሚሰዳደቡ ሰዎች ፊት ለፊት ይተያያሉ። ስለዚህ የጠቡ ወሬ ከመጀመሪያው አልጣመኝም። ቀጥሎ ኳሷ። ላክሰን ኳሷን የሚሰጠው ውሻው ሲመጣ ብቻ ነው። ምፔፖ ግን ከሬሳው አጠገብ ኳሷን ነክሶ ተገኘ። እንግዲህ ጠርቶታል፣ መጥቶለታል፣ ዋጋውንም ከፍሎታል። አጎት ሞፋት፣ እርስዎ ግን ‹የት ሊመጣ› አሉኝ።»

«በዝናቡ አጥርቼ አልሰማሁ ይሆናል።»

«‹ና› ሲል ሰማሁ ብለውኛል። ያቺን ቃል ላክሰን ከጣላት ቆይቷል፤ ኤናላም ምስክር ናት። ይህን የማያውቅ ሰው ነው በሟች አፍ ያስገባት። እስቲ ሦስታችሁም ጥሩት።»

ኤናላ «ና» አለችው። ውሻው ፊቱን አዞረ። ዋይትሰን ሲለው ጆሮውን ጣለ። የሞፋት ተራ ደረሰ።

«ልጅ አደረግሽኝ እንዴ?» አለ።

«ይጥሩት!»

«ና» አለ ሞፋት በቀስታ። ምፔፖ በሆዱ እየተሳበ ኤናላ ወንበር ሥር ገባ፤ ሽንቱም አመለጠው።

ሙቲንታ ወደ ሞፋት ዞረች።

«አንድ ጊዜ ጓሮዎ ቁጢጥ ብሎ አገኙት፤ ‹ና› ብለው ጠርተው ደበደቡት፣ ሁለተኛ እንዳይመጣ። ትናንት ግን ላክሰን ሲፈታው እዚያው ሄዶ ተቀመጠ። ላክሰን በፊሽካ ጠርቶ ኳሷን ሰጠው፤ ግን የተቀመጠበትን አይቶ ነበርና መጥቶ ጠየቀዎት። የመጋዘንዎን በር ለምን በሲባጎ አሰሩት? በሩ ይዘጋበት የነበረው የብረት መወርወሪያ የት ገባ? ላክሰንን የመቱት በእሱ ነው።»

ሞፋት ፎጣውን ጥሎ ወደ ዝናቡ ሮጠ። ማንም አልተከተለውም። ውሃው ዳር ሲደርስ ቆመ። ወደ ግራ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ወደ ቀኝ ሄደ፣ ተመለሰ። በመጨረሻ ጭቃው ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠና ሙቲንታ ካቴናውን ይዛ እስክትመጣ ጠበቀ።

«አልመታህም ነበር፣ ላክሰን» ይል ነበር ለራሱ። «‹ለኤናላ ልንገራት› ብለህ ጀርባህን ባትሰጠኝ…»

ከዱቄት ጆንያዎቹ ሥር የተቆራረጠ የዝሆን ጥርስ ወጣ። ሞፋት ዋይትሰን በነበረበት ክፍል ተቆለፈበት። ጎርፉ እስኪጎድል ሁሉም አንድ ላይ ሊኖሩ ነው፤ ከአንድ ድስት ሊበሉ፣ የሞፋትን ሳል ሊሰሙ።

ሲነጋጋ የመገናኛ ሬድዮው ጮኸ። ከማዶው መንደር የምትጣራው የላክሰን ሚስት ፌቢ ነበረች። ኤናላ ማነጋገሪያውን አንስታ ለዋይትሰን ሰጠችው።

«ዋይትሰን፣ ያ ውሻ ነው አይደል የገደለው?» አለች ፌቢ። «ሲጠራው እምቢ ብሎት ነው አሉኝ። ዓመት ሙሉ ለሱ ብሎ ቤቱን ረስቶ…»

ዋይትሰን ማነጋገሪያውን በሁለት እጁ ያዘ።

«አይደለም እህቴ» አለ። «ውሸት ነው የነገሩሽ። ላክሰን ጠራው። እሱም እየሮጠ መጣለት።»