በዝግ ሳጥን ውስጥ የደበዘዘው ብረት

ያመነ ይመን፣ ያላመነም ይተወው... እኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

ሩቅ ምሥራቅ፣ ታይናን ከተማ። በአገሩ የጨረቃ አቆጣጠር፣ ሙታን ለጉብኝት ይወጣሉ የሚባልበት ሰባተኛው ወር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ጠራራ ፀሐይ።

ቤተ ሙከራው ውስጥ የነበርነው እኔና አለቃዬ ፔይሊን ብቻ ነን። በዕድሜም ስለምትበልጠኝ "እትዬ" እላታለሁ።

ማሽኑ እንዳያምፅብን ብዬ፣ እንደ አገሩ ልማድ፣ አናቱ ላይ አረንጓዴ ከረጢት የበቆሎ ቺፕስ ሳስቀምጥ ሳቀችብኝ።

"ዩቼን፣ ኬሚስት ነህ ጠንቋይ?"

ማሽኑ የተዘጋ የመስታወት ሳጥን ነው። ግድግዳው ላይ የተገጠሙ ረጃጅም የጎማ ጓንቶች አሉት፤ በእኔ በኩል ሁለት፣ በእሷ በኩል ሁለት። እጃችንን ከውጭ እያስገባን ውስጡ እንሠራለን።

ሳጥኑን የሞላው አርጎን ነው። ከማንም ጋር የማይዋሃድ ጋዝ።

ውስጡ የምንቆርጠው ሶዲየም ግን ያገኘውን ሁሉ የሚተናኮል ብረት ነው። አየር ከነካው ይደበዝዛል፣ ውሃ ካገኘው ይቀጣጠላል።

ግን በባዶ ሜዳ አይለወጥም። የሚነካው ነገር መኖር አለበት...

በቢላ ቆረጥኩት። እንደ መስታወት አብለጨለጨ።

ወዲያው መሃሉ ላይ ሳንቲም የሚያህል ነጭ ነገር ወጣ።

ሰፋ... ቆመ። ሰፋ... ቆመ።

ልክ ሰው እየተነፈሰበት ይመስል።

"እትዬ... አየር ገብቷል።"

መለኪያውን አየች። "ኦክስጅን ዜሮ። እርጥበትም ዜሮ።"

"ታዲያ ምን ነካው?"

"ሌላ ቁረጥ። ጥግ ላይ አድርገው።"

ቆረጥኩ። ጥግ ላይ አስቀመጥኩት።

ነጩ ነገር ተከትሎት ሄደ... አዲሱ ቁራጭም ደበዘዘ።

"እጅህን አውጣ" አለች በሹክሹክታ። "ቀስ ብለህ።"

አወጣሁ። እሷ ብረቱን ሳይቀጣጠል፣ ሳጥኑ ውስጥ ባለው ከአየር በሚጠብቀው የዘይት ብልቃጥ ልትከተው ቀኝ እጇን በበኩሏ ጓንት አስገባች።

ደርቃ ቀረች።

"ዩቼን... እጅህን አውጥተሃል አይደል?"

ሁለቱንም ከፍ አድርጌ አሳየኋት።

ፊቷ አመድ መሰለ። "ታዲያ... የያዘኝ ማነው?"

ወገቧን አቅፌ በሙሉ ኃይሌ ጎተትኳት። እጇ ተላቀቀ። ኮሪደሩ ድረስ ሮጥን።

በበሩ መስታወት ዞር ብለን አየን።

በእኔ በኩል ካሉት ባዶ ጓንቶች የአንዱ ጣቶች አንድ በአንድ ተነፉ...

ብረቶቹን አንስቶ ዘይቱ ውስጥ ከተታቸው።

ከዚያም ክዳኑን፣ በጥንቃቄ፣ አዙሮ ዘጋው።