ኤቢሳ ያልነካው ክንድ

ኤቢሳን መጀመሪያ ያየሁት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። አያት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ባለ አዳራሽ፣ ሁለት እጆቹን ከእምብርቱ ፊት ለፊት ክብ አድርጎ ቆሟል። ትልቅ ኳስ ያቀፈ ይመስላል። ዞር ሲል ዓይናችን ተጋጨ፤ ደንግጬ ጫማዬን ሳላወልቅ ገባሁ። ተማሪዎቹ ሁሉ ሳቁ። እሱ አልሳቀም።

«ግቢ፣ ምንም አይደለም» አለኝ።

ሰኚ እባላለሁ። ወሰን ሰፈር ከአባቴ ጋር ጋራዥ ውስጥ እሠራለሁ። ከአራት ዓመት በፊት የሚኒባስ ራዲያተር ስከፍት፣ የፈላው ውሃ ግራ ክንዴን ከትከሻዬ እስከ ክርኔ አቃጠለኝ። ቁስሉ ዳነ፤ ቆዳዬ ግን ተጨማደደ፣ ክንዴም እንደ ድሮው ወደ ላይ አልዘረጋ አለኝ። ከዚያ ወዲህ እጅጌ አጭር ለብሼ አላውቅም። የባሌት ዳንስ ክንድሽን ያፍታታልሻል ብላ ወደ ኤቢሳ ትምህርት የጎተተችኝ ጓደኛዬ ናዲያ ናት።

ኤቢሳ ከእግር በፊት ክንድ ነው የሚያስተምረው። አንደኛው አቋም ያ ኳስ እንደማቀፍ ያለው ነው። ሁለተኛው ክርን ሳይወድቅ ክንዶችን ወደ ጎን መዘርጋት ነው። የመጨረሻው፣ አምስተኛው፣ ከራስ በላይ ክብ መሥራት ነው። የእኔ ግራ ክንድ ግንባሬ ጋ ሲደርስ ይቆማል።

እየዞረ የእያንዳንዱን ሰው ክርን፣ አስፈቅዶ፣ በሁለት ጣቱ ደገፍ አድርጎ ያስተካክላል። እኔ ጋ ሲደርስ ግን አንድ እርምጃ ርቆ ይቆምና እጆቹን ወደ ኋላ ያጣምራል። ትንሽ ከፍ አድርጊ ብሎኝ ያልፋል።

ጠባሳዬን እንዳያውቅብኝ ስለምፈራ መጀመሪያ ደስ አለኝ። በኋላ ግን... ሳምንቱን ሙሉ የምኖረው ለዚያች ደቂቃ ሆነ። ብሎን ስፈታ፣ ታክሲ ስጠብቅ፣ ዛሬ ይነካኝ ይሆን እላለሁ። ሦስት ወር አለፈ። አልነካኝም።

አንድ ቀን ሲሞቀኝ እጅጌዬን እስከ ክርኔ ሰበሰብኩ። ቀና ስል ኤቢሳ እያየኝ ነው። ወዲያው ፊቱን አዞረ። የጠባሳው ጫፍ የታየው መሰለኝ፤ በቃ፣ ተጸየፈኝ አልኩ። ሁለተኛ አልሄድኩም።

አምስት ሳምንት ሙሉ ናዲያን ስለ እኔ ሲጠይቃት ከረመ። ስልኬን እንዳትሰጠው አስምያት ስለነበር፣ እሁድ እሁድ እንጦጦ ራጉኤል እንደምሳለም ነገረችው። ቅዳሴ ጨርሼ ስወጣ ከበሩ ወዲያ፣ ባህር ዛፉ ሥር ቆሟል።

«ምን አጠፋሁ?» አለኝ፣ ሰላም እንኳ ሳይለኝ።

ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ ሳብ አደረግኩ።

«ሁሉንም እየነካህ እኔን የምትሸሸው በጠባሳዬ ነው» አልኩት።

«የምን ጠባሳ?»

ፊቱን አየሁት። ለካ አያውቅም።

«ሰኚ፣ የሌሎቹን ክንድ ስይዝ አስተማሪ ነኝ። ያንቺን ብይዝ ግን... አስተማሪ ብቻ ሆኜ እንደማልቀር ገባኝ። ለመማር የመጣሽበትን ቦታ እንዳላበላሽብሽ ነው የራቅኩት።»

ነጠላዬን ገለጥ አድርጌ እጅጌዬን እስከ ትከሻዬ ሰበሰብኩት። ከእናቴና ከሐኪም በቀር ያየው የለም። ኤቢሳ ፊቱን አላዞረም።

«ያምሻል?»

«ሲበርድ ብቻ።»

እጁን ራሴ ያዝኩና ክንዴ ላይ አኖርኩት። እንደሚሰበር ዕቃ ፈራ ተባ እያለ ያዘው። የእኔ ብቻ ነበር የሚመስለኝ ፍርሃቱ...

ወደ ትምህርቱ ተመለስኩ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን የምታስተምረኝ የሥራ ባልደረባው ጂቱ ሆነች። እሱ ራሱ ነው እንዲህ ይሻላል ያለው። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ላከ። አባቴ ዳንስ የሚያስተምር ሰው ቤት ይመራል ወይ ብሎ ሁለት ጊዜ መለሳቸው፤ በሦስተኛው እሺ አለ። ሠርጋችን ለጥር ነው።

ክንዴ ዛሬም እስከ ላይ አይደርስም። ጂቱ ተይው፣ ያንቺ አምስተኛ ይኼ ነው ትለኛለች። ትምህርቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። እስኪያልቅ ኤቢሳ ውጭ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል።

ሰዓቱ ይረዝምብኛል።